ለአንድ ኮንቴይነር የተላኩ ሽማግሌዎች

ባሕር አይቼ አላውቅም። ከሮቤ ጎባ፣ ከሮቤ ገሰራ፣ አንዴ ደግሞ ለልጄ የምርቃት ልብስ ልገዛ ሻሸመኔ፤ የእኔ መንገድ ይኸው ነው። ስለ ወደብ የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ ልጄ ናት። እሷም እንዳልሰጋ እየመረጠች ስለምትነግረኝ፣ የቀረውን ከድምጿ እገምታለሁ።

እዚሁ ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ እንደጨረሰች፣ የጎረቤት አገር ወደብ ተረክቦ የሚያሠራ አንድ የውጭ ካምፓኒ ሠራተኛ ሲፈልግ ተፈትና አለፈች። ያኔ ወደቡ ትንሽ ነበር ትላለች። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሬዲዮ በእጇ ይዛ፣ ከመርከብ የሚወርደው ኮንቴይነር የት እንደሚቀመጥ ለክሬን ነጂው ትናገራለች። ክሬን ነጂዎቹን በስም ታውቃቸዋለች፤ የልጆቻቸውን ስም እንኳ ትነግረኝ ነበር። በዚያ ጊዜ የአንድ የሮቤ ነጋዴ ኮንቴይነር ጠፋ ተብሎ፣ ልጄ ግቢውን በእግሯ ዞራ አገኘችለት። ሰውየው ሲመለስ በከተማው ሁሉ አወራው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ስሜ ተረሳ፤ የወደቧ እናት ሆንኩ።

ካምፓኒው ግን በዚያ አልቆመም። አዲስ የመርከብ ማቆሚያ ሠራ። ቀጥሎ ሌላ አገር ሌላ ወደብ ያዘ፣ ከዚያም ሌላ። ጭነቱን የሚያመላልሱት መኪናዎችም፣ መጋዘኖቹም የእሱ ሆኑ። ልጄ ከፀሐይ ወጥታ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ገባች፤ እኔም እፎይ አልኩ። ቀስ በቀስ ግን ወሬዋ ተለወጠ። ሥራ ስትገባ ስልኳን በር ላይ አስረክባ ነው። ኮንቴይነሮቹን የምታያቸው በኮምፒውተር ነው። የሚያዝዛት አለቃ እሷ ያለችበት ከተማ እንኳ የለም፤ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ወደብ ላይ ነው የተቀመጠው። «እኔ እዚህ የነካሁት እዚያ ይታያል፣ እማ» አለችኝ አንድ ቀን። በዚያው ሰሞን አብራት የምትሠራ ልጅ የአጎቷን ኮንቴይነር ከወረፋው አስቀድማ በማስወጣቷ ከሥራ ተባረረች። ልጄ ይህን የነገረችኝ እንደ ተራ ወሬ ነው። እኔ ግን ነገ የእኛም ሰው እንዲህ ቢጠይቃትስ ብዬ ሰጋሁ።

ያለፈው ዓመት የበልግ ስንዴ ያማረ ነበር። የበልግ ስንዴ የሚደርሰው ክረምቱ በር ላይ ቆሞ ነው፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው እዚያው ዛላው ላይ ይበቅላል። የእኛን አካባቢ የሚያጭደው የአንድ ጎረቤቴ ኮምባይነር ነው። ማርሹ በፊተኛው አጨዳ ማብቂያ ላይ ተሰብሮ፣ አዲሱ ከውጭ ታዝዞ ነበር። መርከብ ላይ ተጫነ ተባለ፤ ወደብ ደረሰ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ቀጥ አለ። ሌሎቹ ኮምባይነሮች ወደ ገሰራ ወጥተዋል፤ እነሱን ለማግኘት ተራ የያዘው ብዙ ነው። የእኔ ማሳ ባለቤቴ ትቶልኝ የሞተው ትንሽ መሬት ነው። ከጎኑ ያለው ሰፊ ማሳ የሐጂ ነው። ሐጂ የባለቤቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ልጄ ወደ ወደቡ ስትሄድም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው የመረቋት እሳቸው ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ውሽንፍር ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሦስት ሰዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ከፊት ሐጂ፣ ከኋላ ጡረታ የወጣ ወታደርና አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። የኮምባይነሩ ባለቤት አብሯቸው የለም። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይመጣምና፣ እሱ አለመኖሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ።

አስገባኋቸው። ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩት ጩኮ ነበረኝ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽቼ። በሳህን አቀረብኩ። ሐጂ ሳህኑን በመዳፋቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት። የመጡበትን ሳያገኙ አይቀምሱም ማለት ነው። ወታደሩ ጩኮውን በዓይኑ እየተከተለ፣ «ለሴት ልጅ ተልኬ አውቃለሁ፣ ለደም ተልኬ አውቃለሁ» አለ። «ለብረት ስላክ ግን ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።»

ሐጂ ረጋ ብለው ነገሩን ዘረዘሩት። የሰፈሩ ስንዴ ቆሟል፣ ጉሙም ሊለቅ አልቻለም፤ ልጂቱ ለክሬን ነጂው አንዲት ቃል ብትተነፍስ ማርሹ በሳምንቱ ሮቤ ይገባል። እኔም እንደ አቅሜ ለማስረዳት ሞከርኩ። ያ ድሮ ነው አልኳቸው፤ ወደቡ ያኔ የነበረው ወደብ አይደለም፣ ካምፓኒው አድጓል፣ ወረፋውም በእሷ እጅ አይደለም አልኩ። የተባረረችውን ልጅ ነገር ላነሣ ስል ሐጂ ቀደሙኝ።

«ካደገማ ደግ ነው» አሉ ሐጂ። «ሰው የሚደርስለት ያደገ ነው። ደውይላት፣ ኢንተላ ኮ።»

በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። እንዲህ ብለው ጠርተውኝ እንዴት እምቢ ልበል? ስልኬን አወጣሁ። ሰዓቱ ከሥራ የምትወጣበት ነበር። እንዳታነሣ በልቤ እመቤቴን ለመንኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። ወታደሩ ሁሉም እንዲሰማ ላውድ ላይ እንዳደርገው በእጁ አሳየኝ፤ አደረግኩት።

«አቦ ሐጂ! ነጋ ጂርቱ?» አለች፣ ድምፃቸውን ስትሰማ እንደ ልጅነቷ ደስ ብሏት። እሳቸውም ሰላምታዋን መልሰው፣ ስለ ጤናዋ ጠይቀው፣ ነገሩን ነገሯት። ከዚያ ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። የልጄን ዝምታ አውቀዋለሁ። ልትከለክል ስትል ወዲያው ነው የምትናገረው። ዝም የምትለው እሺ ልትል ስትል ነው።

«የኮንቴይነሩን ቁጥር ይላኩልኝ» አለች ቀስ ብላ።

«አይላክም» አልኩ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለም አልተናገርኩም። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። «ወረፋውን እንዳትነኪ። እኔ እናትሽ ነኝ ያልኩት፤ አቦ ሐጂም ይስሙ።» መልሷን ሳልጠብቅ ዘጋሁት።

ሐጂ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «እኔ እኮ የራሴን ልጅ ነው የለመንኩት መስሎኝ ነበር» አሉ። ወጡ። ጩኮው እንደቀረበ ቀረ፤ ማንኪያው እንኳ አልተነካም። ክዳን ባለው መያዣ ውስጥ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ከበዱኝ። ወፍጮ ቤት የኮምባይነሩ ባለቤት ሚስት ሰላምታዬን እንዳልሰማች ሆነች። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስገባ ወሬያቸውን ቆረጡ። ይህንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ልጄን ነው። ረቡዕ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሐሙስም ዝግ። እኔ ከዘጋሁ በኋላ የኮምባይነሩ ባለቤት ቁጥሩን ልኮላት ይሆን? እሷስ የሐጂን ፊት አስባ ነክታው ይሆን? እንዳልጠይቃት ስልኩ ዝግ፣ ሌላ ሰው እንዳልጠይቅ እዚያ የማውቀው የለ። ማሳዬ ሄጄ አንድ ዛላ በመዳፌ አሸሁ። ፍሬው እርጥብ ነው፤ አንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አውጥቷል። ቤት ተመልሼ የባለቤቴን ማጭድ ሳልኩ።

አርብ ጠዋት ልብሴን ታጥቄ ማጨድ ጀምሬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እጄ ጭቃ ስለነበር በቀሚሴ ጠርጌ አነሣሁት።

«እማ፣ አለሁ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ነገረችኝ። ሰውየው ማክሰኞ ማታውኑ ቁጥሩን ልኮላታል። እሷም ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ አየችው እንጂ አልነካችውም። ከሌሎች ሥር ነው ያለው፤ እሱን ለማውጣት ከላዩ ያሉትን የሰው ዕቃዎች ማንሣት ነበረባት። ማየቷ ብቻ ግን እዚያ ባሕር ማዶ ታየ። ሥራዋ ያልሆነ ኮንቴይነር መረጃ ለምን እንደከፈተች አለቃዋ ጠየቃት። ጉዳዩ እስኪጣራ ስልኳንም ወሰዱባት፣ ከኮምፒውተሩም አስነሷት።

«ምን አልሽ?» አልኩ።

«እውነቱን። የእናቴ ስንዴ የሚጠብቀው ዕቃ ነው፤ እናቴ ግን እንዳትነኪ ብላኛለች፣ አልነካሁም አልኩ። መዝገቡን አይቶ እንዳልነካሁ ሲያረጋግጥ ወደ ሥራሽ ተመለሺ አለኝ።»

እዚያው ያጨድኩት እነዶ ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ምሳ በልታ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት።

ፀሐይ ትንሽ ብቅ ስትል በማሳው ጫፍ ፈረስ ቆመ። ሐጂ ናቸው። ሲወርዱ ልረዳቸው ሄድኩ፤ እጄን ያዙ። ልጄ ለእሳቸውም ደውላላቸው ኖሯል።

«ሽማግሌ እምቢ ከተባለ በኋላ በሽማግሌ ጀርባ አይላክም» አሉ። «ቁጥሩን መላኩን አላወቅኩም። እሱን ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ።» ምን እንዳሉት አልጠየቅኩም። በድንበሩ ላይ ቆመው የእኔን ማሳና የራሳቸውን አዩ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ጩኮ አልቋል?»

ለምሳዬ ይዤው ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየቆረሱ በሉ፣ ሳይቸኩሉ። እኔ ወደ ማጭዴ ተመለስኩ፣ ሲበሉ ማየት ስላልቻልኩ። «ጨው አሳንሰሻል» ሲሉ ሰማሁ።

እያጨድኩ ድንበሩ ጋ ደረስኩ። የእኔ ስንዴ ገና ቆሟል። የእሳቸው ግን በዝናቡ ብዛት መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዛሬ ካልተነሣ ነገ እዚያው ይበቅላል። ማርሹ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ጎንበስ ብዬ ከተኛው አንድ እፍኝ አጨድኩ፣ ከዚያ ሌላ።

ሐጂ ማኘካቸውን አቆሙ። «ያንቺ ሳያልቅ የእኔን? ወረፋ እያበላሸሽ ነው እኮ» አሉ።

«የእርስዎ ተኝቷል፣ አቦ» አልኩና ቀጠልኩ።