የላይኛው ጆሮዬ

ሰው ጆሮዬን ትኩር ብሎ ሲያይ አልወድም። የታችኛውን ማንም ቢያየው ግድ የለኝም፤ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ነው፣ የተበሳውም ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። የላይኛው ግን፣ አጥንት የመሰለው ጠርዝ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ የጠላት ጊዜ ቀዳዳ ነው። ዛሬ የኮልፌ ልጃገረዶች እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አስገብተው ሲሄዱ አያለሁ። ያምርባቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ "ማን በሳት? ስትበሳትስ ምን ጠየቀቻት?" የሚል ሐሳብ ነው። ተጠራጣሪነቴን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ ሌላ ያወረሰችኝ ነገርም ብዙ የለም።

ያኔ እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። አባቴ ጦር ሜዳ ወድቋል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠናል፣ እሷም ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ጎረቤቱም ንፍሮውን በልቶ ተበትኗል። ሁሉም ውሸት ነበር። አባቴ ከኮልፌ በስተምዕራብ ካለው ጫካ ከአርበኞቹ ጋር ነበር። ጣሊያን የአርበኛ ቤት ካገኘ ቤቱንም ሰዉንም አይምርም፤ ስለዚህ እናቴ ባሏን በቁሙ ገደለችው። እኔም ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ አንገቴን መድፋት ተምሬ ነበር።

ከጫካ እንጨት ተሸክማ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። አልፎ አልፎ ከአባቴ ቃል ታመጣልናለች። አንድ ቀን ግን በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ የብር ቀለበት ይዛ መጣች፤ የጆሮ ነው። አባቴ ከመዝመቱ በፊት፣ "ትንሽ ከፍ በይልኝ እንጂ የላይኛውን ጆሮሽን አስበሳሻለሁ፤ እናቴ እንዲያ ነበረች" ይለኝ ነበር። የረሳው መስሎኝ ነበር። እንዳልረሳው ባወቅሁ ጊዜ እናቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋት።

እሷም እምቢ አላለችም። ከእሱ እጅ የወጣ ነገር እጇ ሲገባ ፊቷ በራ፤ ከደስታዋ ብዛት ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን ረሳችው። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ልጁን አያስጌጥም፤ ያለውን ጌጥ እንኳ ያወልቃል። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። እናቴም ታውቀዋለች፤ ያን ቀን ብቻ ዘነጋችው።

የላይኛውን ጆሮ መብሳት የምትችል ሴት ደግሞ በአካባቢያችን አንዲት ብቻ ነበረች፤ ባሏ የጣሊያኖች አስተርጓሚ ነው። እናቴ ከሩቅ ካየቻት መንገድ ትቀይር ነበር። "እሷ ቤት የገባ ወሬ በማግስቱ ጣሊያን ካምፕ ይገኛል" ትላለች። እንዲያም ሆኖ አስጠራቻት።

ሴትየዋ በሩ ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጠችኝ። አልቸኮለችም። ጠርዙን በጣቶቿ እያሸች ስስ የሆነበትን ፈለገች፤ ፊቴን ወዲያና ወዲህ አዙራ አየችና ከታችኛው ቀዳዳ ጋር እንዲሰምር በከሰል ምልክት አደረገችበት። ከኋላ በጥሬ ድንች ቁራጭ ደግፋ በእሳት ያለፈውን መርፌ ስትሰደው፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰማሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ግን አልጮህኩም።

እናቴ ቀለበቱን ከጉያዋ አውጥታ፣ "እትዬ፣ ይቺን ያድርጉላት" አለች።

ሴትየዋ ቀለበቱን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ገና ከአንጥረኛ እጅ የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ብር ነው።

"ከየት መጣ?"

"የእናቴ ነበር።"

ሴትየዋ ቀለበቱን አየች፤ ከዚያ የእናቴን ጥቁር ቀሚስ አየች። "እኔማ ሐዘን ላይ ናችሁ ብዬ ነበር" አለች።

እናቴ አመዷ ቡን አለ። ሴትየዋ ግን ወደ ጆሮዬ ተመለሰች። "ቁስሉ ሳይደርቅ ብር አይገባበትም" ብላ ነጭ የጥጥ ክር አሰረችልኝና ቀለበቱን መለሰችላት። "ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አጥበዋለሁ። በዚህ ጎኗ አትተኛ። ቅቤም እንዳታስነኪው፤ ቅቤ ለታችኛው ነው፣ ይሄኛውን ያመረቅዘዋል።"

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ሰላም ጠፋ። እሷ በለብታ የጨው ውሃ ጆሮዬን ስታጥብ፣ ክሩንም ቀስ አድርጋ ስታዟዙር፣ እናቴ አጠገባችን ቆማ እሷን ትጠብቃለች። ሴትየዋ ቀና ካለች፣ "ጣራችንን ምን ብላ ነው ያየችው?" ዝም ካለች፣ "ዝምታዋን አየሽው?" ትለኛለች፣ ሴትየዋ ስትሄድ። አንድ ጠዋት ሴትየዋ ምድጃው ጠፍቶ አይታ፣ "እንጨት የላችሁም እንዴ?" አለች። እናቴ የዚያኑ ዕለት እንጨት ተሸካሚዋ ደግማ እንዳትመጣ ላከችባት። እኔም ተጋባብኝ። ጣቶቿ ጆሮዬ ላይ ሲያርፉ በውስጤ ያለውን ሁሉ የምታዳምጥ ይመስለኝና ትንፋሼን እይዝ ነበር።

በመጨረሻ እናቴ፣ "ድናለች፣ ከእንግዲህ አይድከሙ" ብላ ከደጅ መለሰቻት። በግትርነቷም ቅቤ ቀባችኝ። ጆሮዬ አብጦ መግል ያዘ፣ ትኩሳት ጣለኝ፤ ጩኸቴን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው። ሴትየዋ ሳትጠራ መጥታ እናቴን ገፍታ ገባች።

"እኔን ፍሪኝ፤ የልጅሽ ጆሮ ግን ምን አደረገሽ?" አለቻት። መግሉን አውጥታ አጠበችልኝ፤ ከዚያም እስኪደርቅ ድረስ መመላለሷን አላቋረጠችም።

ጆሮዬ ዳነ። ቀለበቱ በሚገባበት ጠዋት ሴትየዋ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "ደግሞ ማን ሞተባት?" አለች በሹክሹክታ። ሴትየዋ በሩን ዘጋች፤ ነጩን ክር ፈትታ አወጣች። እናቴ እጇን ወደ ጉያዋ ስትሰድ፣ "ተይው" አለቻት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ያመጣችውን ጥቁር ክር ፈትታ በጆሮዬ አሳለፈችው።

"ምነው እትዬ?"

"ሐዘን ላይ ላለች ልጅ የሚገባት ይሄ ነው።"

እናቴ ወጥመድ መሰላት። "ሐዘን ላይ መሆናችንንማ እርስዎም ያውቁታል፤ ልጅ ናት፣ ደስ ይበላት ብዬ እንጂ..."

"ያኔ አልነበራችሁም" አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። "አሁን ግን ናችሁ።"

ከዚያ ነገረችን። በዋዜማው ከጫካ የተያዙ ሰዎች ካምፕ ቀርበዋል፤ ያስተረጎመው ባሏ ነው። አባቴን ገና ሲያስገቡት አውቆታል፤ አባቴም አውቆታል። ስሙን ሲጠይቁት አባቴ የሌላ ሰው ስም ሰጠ፣ አገሩንም ሩቅ አደረገው። ባሏም ያንኑ እንዳለ አስተረጎመው። ከዚያ ረሸኗቸው። ጣሊያን ከወጣ በኋላም እናቴ፣ "የጠቆመው ራሱ ባሏ ቢሆንስ?" ትል ነበር። እኔም አንዳንድ ቀን እላለሁ።

ያን ጠዋት ግን ለመጠርጠር እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ልትጮህ አፏን ከፈተች። መጮህ አትችልም። ለሰፈሩ አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ለቅሶው ተለቅሷል። ዛሬ ኡኡ ብትል ጎረቤቱ ማን ሞተ ብሎ ይመጣል፤ ለሚመጣውስ ምን ትለዋለች? ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውጭ ተጣራች። "ጩኸት ብትሰሙ እንዳትደነግጡ! የልጅቷ ጆሮ ነው፣ ዳግመኛ መግል ይዞ ላወጣው ነው!"

ዘግታ ተመለሰችና ነጠላውን ከእናቴ አፍ ሳብ አደረገችው። ጆሮዬን በጣቶቿ ያዝ አደረገች። አልተጫነችውም፤ ከዳነ ሰንብቷል፣ ምንም አላመመኝም።

"በሉ ጩኹ" አለችን። "ሁለታችሁም፣ እስኪወጣላችሁ ጩኹ።"