በሰፊ ትሪ ላይ

ውሃ ልክ የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ ባልደረቦቹ ናቸው። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ እንኳ፣ ወንበር ከመያዙ በፊት ወለሉን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጡረታ ወጥቶ የሚያነጥፈው ወለል ሲያጣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የመጋረጃውን ጫፍ፣ አንዳንዴም የጎረቤቱን ባርኔጣ ሲያቃና ይውላል። እሱ ራሱ ላይ ውሃ ልክ ያስቀመጠበት ግን አልተገኘም፤ ቢገኝ ኖሮ ጉዱ ይታይ ነበር።

ፊደል የቆጠረው ፂሙ ከሸበተ በኋላ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የምታነብለት እሷ ነበረች። እሷ ስታልፍ የመድኃኒቱን ሳጥን ከሻይ ሳጥኑ የሚለየው በማሽተት ሆነና፣ አንድ ቀን ሆዱን የቆረጠው ጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበ። ጉልበቱ ከዴስኩ ስር አልገባ እያለው በጎን ተቀምጦ ተማረ። ማንበብ የቻለ ዕለት ግን ኩራቱ ልክ አጣ። አውቶቡስ ውስጥ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እሱ ለሽምግልናው ቦታ የለቀቁለት ነበር የሚመስለው።

ከልጁ ጋር ውርርድ የገባውም በዚሁ ኩራት ነው። ልጁ ሆቴል ቤት ምግብ አብሳይ ናት። አንድ እሁድ ልትጠይቀው መጥታ የምግብ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። ዳቦና እንቁላል አለ። ከኋላው ሌላ እንቁላል አለ።

"አባዬ፣ ዶሮ ራሷ እንዲህ ከእንቁላል ጋር ተፋጥጣ አትውልም" አለችው።

"ጤነኛ ነኝ።"

"ሱሪህ ግን እንደዚያ አይልም፣ ከወገብህ እየወረደ ነው። እኔ ጋ ግባ ስልህ እምቢ አልክ። ክፍሉ ባዶውን ተቀምጧል።"

ውሃ ልክ ወለሉን አየ። የቤቱን ሁለት ክፍሎች ያነጠፈው ከየሥራው በተረፈ ሴራሚክ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አበባ ያለበት፤ የትኛው የት እንደሚሆን ቆማ ያዘዘችው ሚስቱ ነበረች። የሰው ቤት እንዲህ ተዝረክርኮ ቢያይ ይሳደብ ነበር። ይሄኛውን ግን በጠዋት ተነስቶ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። "ከዚህ አልወጣም" አለ።

"እንግዲያው እንወራረድ" አለች ልጁ። "እኔ ቤት ስትመጣ ድምፅህን አጥፍተህ የምትበላት የፈረንሳዮች የአትክልት ምግብ አለች አይደል? ቲያን። አሠራሯን እጽፍልሃለሁ። እኔን ሳትጠይቅ፣ ወረቀቱን ለማንም ሳታስነብብ፣ ራስህ አንብበህ ለሚቀጥለው እሁድ ከሠራሃት ሁለተኛ እኔ ጋ ግባ አልልህም። ካቃተህ ግን የዚህን ቤት ቁልፍ ታስረክበኛለህ።"

"ጻፊው" አለ፣ ሳያስብ። ማሰብ የጀመረው በሩን ዘግታ ከሄደች በኋላ ነው።

ወረቀቱን መስኮት ሥር ይዞት ተቀመጠ። ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም በስሱ ይቆረጣል። ደህና። ሽንኩርቱ ከሥር ይነጠፋል። ይነጠፋል የምትለዋን ቃል ሲያገኝ ደረቱ ተነፋ፤ ከማያውቀው አገር ምግብ ውስጥ የገዛ ሙያው ብቅ ብሎ ሰላም አለው። ቀጥሎ፦ አትክልቱ በሰፊ ትሪ ላይ ይደረደራል።

እዚህ ላይ ቆመ። ልጁ ሰፊ ብላ የጻፈችው ጠበቅ አድርጋ፣ ትልቅ ለማለት ነበር። ፊደሉ ግን ጠበቅ ወይም ላላ ብሎ አይናገርም፤ ውሃ ልክም ላላ አድርጎ አነበበውና፣ መርፌና ክር ይዞ ምድር ቤት የሚቀመጠው ጎረቤቱ ፊቱ ድቅን አለ። የሰፊ ትሪ። ደግሞ አነበበው። አሁንም ሰፊ ነው የሚለው።

ለምን የልብስ ሰፊ ትሪ እንዳስፈለገ ግር ብሎት ሻይ አፈላ። ሻዩ ሳያልቅ መልሱ መጣለት። ፈረንሳዮች በልብስም በምግብም ስማቸው የተነሳ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያደርጓቸው ምን ይገርማል? ይህን በራሱ አእምሮ ብቻ በመድረሱ ለራሱ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረለት።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ መርፌ ይለዋል፤ ቅጥነቱን አይቶ ብቻ ሳይሆን ሲናገር ስለሚወጋ ነው። ውሃ ልክ ሲገባ የአንድ ሾፌር ኮት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሰፋ ነበር።

"ትሪህን አውሰኝ" አለው።

"የቱን?"

"ቁልፍ የምታስቀምጥበትን።"

መርፌ ከመነጽሩ በላይ አየው። "ምን ሊሆንህ?"

"ምግብ ልሠራበት።"

"ለየልህ ማለት ነው። እኔኮ ጤንነትህን የምጠረጥረው ከላይ ሆነህ ሰዓት ስታቃና ብቻ ነበር።"

"የፈረንሳዮች ምግብ ነው። ያለ ሰፊ ትሪ አይሆንም ይላል።"

እሱም እንዳነበበው ላላ አድርጎ ነው ያለው። መርፌ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጠበበኝ፣ አጠረኝ ሲባል ነው የኖረው፤ ከባሕር ማዶ ሙያውን የፈለገው ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

"የሰፊ ነው ያሉት? በግልጽ?"

"በጽሑፍ።"

"ድሮም ሰው የሚያውቁ ናቸው" አለና ቁልፎቹን ባርኔጣው ውስጥ ገለበጣቸው። "ግን ትሪዬ ከሄደበት አልቀርም። እሁድ ምሳ ላይ መጥቼ እቀመጣለሁ።"

ትሪው ዝርግ፣ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ትሪ ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ውሃ ልክ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽቶ አጠበው። እሁድ ጠዋት ሽንኩርቱን እንደ ሲሚንቶ ከሥር አነጠፈ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ጨመረ፣ ዘይት አፈሰሰበት። አትክልቱን ሲቆርጥ ሁሉም አንድ ውፍረት እንዲሆን ፈለገ፤ ያበጠውንና የሳሳውን እንደ ተሰበረ ሴራሚክ ለይቶ ራሱ በላው፣ እስኪጨርስ የምሳውን ግማሽ በልቶ ነበር። ከዚያ ከማዕዘን ጀምሮ አንድ ደበርጃን፣ አንድ ዝኩኒ፣ አንድ ቲማቲም እያለ ደረደረ። በጣቱ መታ መታ አደረገ። መስመሩን በክር ለካ። በመጨረሻ ከአልጋው ሥር እውነተኛውን ውሃ ልክ አውጥቶ ቲማቲሙ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ መሃል ቆመች። ማንም እንዳላየው ዞር ብሎ አረጋግጦ መሣሪያውን ጠረገውና መለሰው።

ምድጃውን ከፍቶ ትሪውን ሲያስገባ እንዲያ ያለ ወለል ከሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ሲከፍተው ግን ጭስ ተቀበለው። የአትክልቱ ውሃ ከዝርጉ ትሪ ሞልቶ ምድጃው ላይ ፈሶ አርሯል። ወለሉ ደግሞ የለም። ደበርጃኑ ተኮማትሯል፣ ዝኩኒው ተኝቷል፣ ቲማቲሙ ወደ ማዕዘን ሸሽቷል፤ በየመሃሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት። በሥራ ዘመኑ ያነጠፈው ሴራሚክ አንድም ቀን ሞቆት ተኮማትሮ አያውቅምና አትክልትም እንዲህ ይከዳኛል ብሎ አላሰበም። ሌላ ሰው የሠራው ቢሆን "አፍርሰው" ብሎ ያዝዝ ነበር። የራሱ ስለሆነ መስኮቱን ከፈተ።

ልጁና መርፌ በደረጃው ተገናኝተው አብረው ገቡ። ልጁ ትሪውን አየችው። ጎርሳ አላመጠች። ደገመች።

"ጨው አነሰው" አለች፤ ሳህኗን ግን ለተጨማሪ ዘረጋች። ውሃ ልክ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

በሦስተኛው ጉርሻ ቀጭ አለ። ልጁ አገጯን ያዘች፣ ከአፏ አንድ የናስ ቁልፍ አውጥታ በብርሃን አየችው። ኮት ላይ የሚሰፋ ዓይነት ነው፣ አራት ቀዳዳ ያለው።

"የሾፌሩ ኮት" አለ መርፌ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። "እኔ ወለል እየጠረግኩ ስፈልገው የከረምኩት እዚህ ጥቅልሉ ውስጥ ተሸጉጦ ነው?"

"ጋሼ፣ የእርስዎ ቁልፍ ምግባችን ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ትሪው የኔ ነዋ። የሰፊ ትሪ አይደል ያዘዝሽው?"

ልጁ አባቷን ዞራ አየችው። "አባዬ፣ ወረቀቱን አምጣው እስቲ።"

አመጣ። ጣቷን ቃሉ ላይ አደረገች። "ምን ይላል?"

"በሰፊ ትሪ" አለ ውሃ ልክ፣ ላላ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ።

"ሰፊ" አለች ጠበቅ አድርጋ። "ሰፊ፣ አባዬ። ጠባብ ያልሆነ።"

ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ እስክትደፋ ድረስ ሳቀች። መርፌ ሹካውን አስቀመጠ።

"እንግዲያው ፈረንሳዮቹ እኔን..."

"አላነሱህም" አለ ውሃ ልክ።

ጆሮው ድረስ ጋለ። ያሸነፈው ፊደል እንኳ አይደለም፤ ፊደሉን ሁሉ ያውቀዋል። ያሸነፈው በፊደሉ መሃል የሚቀር አንድ ትንፋሽ ነው። ግን ቃል ቃል ነው። ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አወጣና በልጁ ሳህን አጠገብ አስቀመጠው። ጠማማ ስለሆነበት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለው።

ልጁ ሳቋን አቆመች። ቁልፉን አየች። እግሯ ሥር ያለውን ሰማያዊና ቡናማ ወለል አየች። መርፌ ደግሞ ውርርዱን ስለማያውቅ በዳቦ የትሪውን ማዕዘን እየጠረገ ያጉረመርማል።

"ለሚቀጥለው እሁድ ትሪውን የማጥበው እኔ ነኝ" አለ። "ያንተ እጅ አይታመንም።"

"የሚቀጥለው እሁድም አለ?" አለች ልጁ።

"ትሪው የኔ ሆኖ እሱ ብቻውን ሊበላ ነው? ደግሞ ጨው አነሰው ብለሻል፤ እኔ ነኝ የምቀምሰው።"

ልጁ ሁለቱን አየቻቸው። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ በጣቷ ወደ አባቷ ገፋችው፣ የናሱን ቁልፍ ደግሞ በናፕኪን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ቁልፍ ታስረክበኛለህ ነበር ያልኩህ" አለች። "ይኸው ተረክቤያለሁ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ መርፌ። "ሾፌሩ ነገ ይመጣል። ኮቱን በምን ልቆልፍለት?"

"በደበርጃን ቆልፍለት" አለው ውሃ ልክ፣ የቤቱን ቁልፍ ኪሱ እየከተተ። "ብቻ ሲሞቀው እንደሚኮማተር ንገረው።"