መስኮቴን የሸፈኑት ሥዕሎች

ሳሉ የጀመረኝ ሱቄ ውስጥ ነው። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት፤ ሰቆጣ ውስጥ ሳል ሁሉ በብርድ ይሳበባል። አንድ ወር ሳልኩ። ከሳሁ። ከዚያ አክታዬ ላይ ደም አየሁ።

ሆስፒታል አክታዬ ተመረመረ። የሳንባ ቲቢ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ስድስት ወር እንደሚወሰድ ነገረኝ። ሌላም ብዙ ተናገረ፤ እኔ ግን ስድስት ወር ካለኝ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። የማስበው የአራት ዓመቷን ልጄን ሰሚራን ነበር። እሷ ተመርምራ ደህና ሆና ተገኘች፣ መከላከያ መድኃኒትም ተሰጣት። እኔ ግን ስድስት ወር ላልነካት ወስኜ ራሴን አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋሁ። ባሌ ጂዳ ነው። ልጄን የያዘችልኝ እዚያው ግቢ የምትኖረው እህቱ ዘሃራ ናት። ጎረቤቶች ጠንቃቃ እናት እያሉ አመሰገኑኝ፤ ደጃፌ ላይ ቆመውም ይመለሱ ነበር።

ብቸኝነቱ ከሳሉ ባሰኝ።

ከሰሚራ ጋር የምንገናኘው በመስኮቱ መስታወት ነበር። ዘሃራ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ትሠራላታለች። ሰሚራ የሳሙና ካርቶን ላይ በከሰል ትስላለች፣ በእርድ ውሃ ቢጫ ትቀባለች፣ ለዶሮ ክንፍ የሽንኩርት ልጣጭ ትለጥፋለች። እኔ ከውስጥ የዶሮዋ ዓይንስ የታለ እላታለሁ። ያለቀውን ፊቱን ወደ እኔ አዙራ መስታወቱ ላይ ትለጥፈዋለች። እያደር ክፍሌ ጨለመ። ደስ ይለኝና አለቅሳለሁ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ለክትትል ሄድኩ። አክታዬ ከቲቢ ነፃ ነበር። ሐኪሙ መስኮት እከፍት እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጄ ሥዕል እየለጠፈችበት በመስታወቱ ብቻ ስለምንገናኝ እንደማልከፍተው ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ልጅሽን ካቀፍሻት ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ወር።»

«እኔ ራቂያት ያልኩሽ እኮ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው።»

በባጃጅ ተመለስኩ። ግቢ ገብቼ እጄን ዘረጋሁላት። ሰሚራ አየችኝ። ካርቶኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«እማ፣ ወደ ውስጥ ግቢና ላሳይሽ» አለችኝ።

አልገባሁም። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሙጫው ያለበትን ሳህን ወደ እኔ ሳብኩት፤ እሷም ብዙ ቆይታ፣ አንዴ መስኮቱን አንዴ እኔን እያየች፣ ቀስ ብላ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ጭኔ ላይ እስክትቀመጥ ግን ብዙ ቀን ፈጀባት።

ዛሬ ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ዘሃራን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። እናንተ በሕክምና ላይ ያላችሁ እናቶች፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፣ መስኮታችሁን ክፈቱ። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስም ልጄን ከየትኛው ቀን ጀምሮ ማቀፍ እችላለሁ በሉት። መልሱን ሳትሰሙ ከወንበሩ አትነሡ።