ባዶ ሆድ ደም አይሰጥም

ታቢታ ጎረቤቴ ናት። መሃል ከተማ ላይ የእኔን የቅመም ሱቅና የእሷን ፀጉር ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ቺፑድ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። ደንበኛዋን በቢጎዲን ጠቅልላ ካስክ ስር ካስቀመጠች በኋላ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ጥላት የምትሮጥ ፀጉር ሠሪ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ስንቷን ሙሽራ ከካስክ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ በርበሬ በነካው እጄ። የማገኘው ጥቅም ቢኖር ፀጉሬን በነፃ መሠራት ነው፤ እሱንም ሂጃብ ስለምለብስ የሚያይልኝ የለም።

«አንቺ እኮ ቀይ መስቀልን ነው ያገባሽው» እላታለሁ።

«ቢያንስ እንደ አንቺ አይጨቀጭቀኝም» ትለኛለች።

የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ሥራዋ ደም መፈለግ ነው። ደም ባንኩ ሲጎድልበት ይደውልላታል፤ እሷ ደግሞ ከምታውቃቸው ሰዎች መሃል ደሙ የሚገጥመውን ጎትታ ታመጣለች። ባለሱቅ ይሁን አስተማሪ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ይሁን፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። አምስት ሳንቲም አይከፈላትም። እናቷ የሞተችው ታናሿን ስትወልድ ደም ፈሷት፣ የሚተካላት ጠፍቶ ነው። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ፀጉሬን እያጠበች፤ ዓይኔ ሳሙና ገብቶበት ስለነበር ማልቀሴን አላወቀችም።

ጦርነቱ ሰሜን ላይ ሲፋፋም እኛ ሐዋሳዎች ሩቅ ነን ብለን ነበር። ኋላ ቁስለኞች እዚሁ ድረስ ይመጡ ጀመር። ታቢታ ቤቷን ዘግታ፣ መቀሷንና ምላጯን ይዛ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የወታደር ፀጉር መቁረጥ ያዘች። እኔንም ቪትዝ መኪና ስላለችኝ አዘመተችኝ። ነዳጁን ማን ይሞላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ከቁስለኞቹ መሃል ፋሲል የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር። ጭኑን ነው የተመታው። ታቢታን «እታለም» እያለ ይጠራታል፤ እሷም እንደዚያ ሲላት ትቀልጣለች። መቁሰሉን ለእናቱ አልነገራትም። «ቆሜ ስሄድ እደውልላታለሁ፤ አሁን ብነግራት በእግሯ ትመጣለች» ይል ነበር። ታቢታ ደግሞ አፏ አያርፍም፣ «ቆመህ ትሄዳለህ፣ እኔ አለሁ» አለችው። ቃል ገባችለት። ሐኪም ያልገባውን ቃል ፀጉር ሠሪ ትገባለች እንዴ? ብዬ ተቆጥቻት ነበር።

በ2014 ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ስልኳ ጮኸ።

ገርበብ ያለውን የሱቄን በር ገፍቶ ፊቷ ብቅ አለ። «ሙንቲ፣ ቁልፍሽን ያዢ። የፋሲል ቁስል ደም አፈሰሰ። ኦፕራሲዮን ሊያስገቡት ነው፣ ደም የለም።»

የፋሲል ደም ኦ ኔጋቲቭ ነው። ከራሱ ዓይነት በቀር ሌላ ደም የማይቀበል፣ ብዙ ሰው የሌለው ዓይነት። ባንኩ የነበረውን ትናንት ለወላዶች ሰጥቶ ጨርሷል። የታቢታ የራሷም ደም የእኔም አይገጥምም። መኪና ውስጥ ሆና ለሚገጥማቸው ደወለች፤ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ በቅርቡ ስለሰጠ ገና ነው፣ አንዱ ስልኩን አያነሳም። የቀሩት ጋሽ በኃይሉ ነበሩ፣ የቱላው አናጢ። የእሳቸውም ስልክ ዝግ ነው።

«ቱላ ንጂ» አለችኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲስተር ፀደይ ከደም ባንክ ደወለች። ሲስተር ፀደይ ሰላምታ አታውቅም። «ልጁ እስከ ማታ አይቆይላቸውም፣ ቶሎ በሉ» አለች። «ደግሞ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ጾም ላይ ነው አሉ። ጾመኛ እንዳታመጪብኝ፣ ባዶ ሆድ ደም አይሰጥም።»

ታቢታ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው። ረስታዋለች። ራሷ ጾመኛ ሆና ጾሙን ረስታዋለች! ቤተ ክርስቲያናቸው ስለ ጦርነቱ የሦስት ቀን ደረቅ ጾም አውጆ ነበር፣ እህልም ውሃም የሌለበት፤ ያ ቀን ሁለተኛው ነው። ጋሽ በኃይሉ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አልነበረም የሚጾሙት። አንድ ልጃቸው ኤልናታን ግንባር ነው፤ ከክረምት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሚስታቸው ቀድማ ሞታለች። «እስከ እሑድ ማታ ምንም አልቀምስም፤ ለልጄ ሕይወት ለጌታ ቃል ገብቻለሁ» ማለታቸውን ቱላ በሙሉ ያውቃል።

መኪናዋን አቁሜ ከመንገድ ዳር ሙዝ ገዛሁ። ምን ልበል? ሌላ የሚሠራ ነገር አልመጣልኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጸሎቱ እስከ መንገድ ይሰማል፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በሲዳሙ አፎ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እኔ ሙንተሃ ሂጃቤን እንደለበስኩ ሙዝ ታቅፌ የጴንጤ ጸሎት ቤት ገባሁ። በረኛው ጋሽ በኃይሉን ሊጠራ ሄደ።

ወጡ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ታቢታ የለበሰችውን የቀይ መስቀል ሰደርያ ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ።

«ንገሩኝ» አሉ።

መርዶ ነጋሪ መስለናቸው ነው። ታቢታ ሰደርያውን ከላይዋ መንጭቃ አወለቀችና እግራቸው ስር ተንበረከከች። «አይደለም ጋሼ፣ ስለ ኤልናታን ምንም አልሰማንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሌላ ነው የመጣሁት።»

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀችና ነገረቻቸው። ስለ ፋሲል፣ ስለ ደሙ፣ መብላት እንዳለባቸውም ጭምር።

«ነገ ማታ ጾሜን ስፈታ በሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ።

«ነገ ማታ እሱ የለም ጋሼ።»

«ልጄ፣ ቃል ገብቻለሁ። ይህን ቃል ባፈርስና ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል? አንቺ ትጠየቂያለሽ?»

እኔ ምላሴ ላይ ብዙ ነገር ነበር፤ ወላሂ ነክሼ ያዝኩት። የሰውየው ፍርሃት የውሸት አልነበረም። እኔም ልጅ አለኝ፣ በእሳቸው ቦታ ብሆን አንድ ሙዝ ቀርቶ ምራቄን አልውጥም ነበር።

«እጠየቃለሁ» አለች ታቢታ መጨረሻ ላይ። «ጋሼ፣ ኤልናታን ያለበትን እኔም እርስዎም አናውቅም። ምናልባት እሱም ተኝቶ ይሆናል። አጠገቡ ደሙ የሚገጥም ሰው ቢኖርና ያ ሰው ጾመኛ ነኝ ቢል፣ እርስዎ ምን ይሉታል?»

ታቢታ ከእጄ ሙዝ ወሰደች፤ ላጠችና እያዩዋት ገመጠች። እሷም እኮ ለሁለት ቀን ምንም አልቀመሰችም። እያለቀሰች አላመጠች። «ኃጢአት ከሆነ እኔም አለሁበት» አለች።

«ብላ እለው ነበር» አሉ ጋሽ በኃይሉ። እጃቸውን ለሙዙ ዘረጉ።

ነገሩ እዚያ አላለቀም። ደም ባንክ ስንደርስ ሲስተር ፀደይ ግፊታቸውን ለካችና ራሷን ነቀነቀች። ወርዷል። «አልወስድም። ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ፣ እንደገና እለካለሁ። ካልሆነ ደግሞ አይሆንም።»

ጋሽ በኃይሉ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቃላቸውን ያፈረሱት ለከንቱ ሊሆን ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፤ ከሆስፒታል ነው፣ ሲስተር ፀደይ ታነሳና «ገና» ብላ ትዘጋለች። ቪትዜን አስነስቼ አሞራ ገደል ወረድኩ፤ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በጆክ አስቀድቼ፣ ጥሩምባ እየነፋሁ ተመለስኩ። ፖሊስ ያስቆመኛል ብዬ ነበር፣ አላህ ሰወረኝ።

ጠጡት። እያለቀሱ፣ እስከ ታች ጠጡት። ሾርባ ሲጠጣ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ታቢታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ይዛለች። ሲስተር ፀደይ እንደገና ለካች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ደግማ ለካች።

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» አለች፣ መርፌውን እያነሳች።

ፋሲል ሲመሽ ኦፕራሲዮን ገባ። ሲነጋ ዓይኑን ገለጠ። አልሐምዱሊላህ።

የቱላ ሰው ግን ማውራት ጀመረ። «ፀጉር ሠሪዋና እስላሟ የሽማግሌ ጾም አስፈቱ» ተባለ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል ሁሉም አሜን ይላል፤ መድኃኒቱ ከሙዝ ጋር ሲመጣ ግን ሐሜት ነው። እኔ ለሐሜት ደንታም የለኝ። ታቢታ ግን እንቅልፍ አጣች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ስለ ኤልናታን ይመስላታል።

ታኅሣሥ ሳይጋመስ መርዶው መጣ። ኤልናታን ሞቷል። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ አልተገኘም፤ ከጾሙ በፊትም ሊሆን ይችላል፣ በኋላም። ጓደኞቹ የነገሩት ያንኑ ብቻ ነው።

ታቢታ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ውስጥ ተቀመጠች። በቺፑዱ በኩል አናገርኳት።

«ለቅሶ እንሂድ፣ ተነሺ።»

«ያስበላኋቸው እኔ ነኝ። በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«ለቅሶ ካልደረስሽ ጥፋተኛ ነኝ ማለትሽ ነው። ተነሺ አልኩሽ» ብዬ በሩን ደበደብኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ስንገባ ወሬው ቆመ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ለጎረቤቷ፣ እኛ እንድንሰማ አድርጋ፣ «ጾሙን ባያስፈቷቸው ኖሮ» አለች። ዞሬ ልነግራት ስል ታቢታ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ጋሽ በኃይሉ ከፊት ተቀምጠዋል። ምግብ የቀረበበት ሳህን ሳይነካ ፊታቸው አለ፤ መርዶውን ከሰሙ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ነገሩን። ሴትዮዋ ያለችውን እሳቸውም ሰምተዋል። ቀና አሉ።

«ታቢታ፣ ነይ።»

ሄደች። እንደዚያን ቀን እግራቸው ስር ቁጭ አለች።

«ያ ልጅ ተረፈ?»

«ተረፈ ጋሼ። በክራንች ይሄዳል።»

«እናቱስ?»

«ትናንት ደወለላት። ቆሜ ነው የምደውልልሽ አላት።»

ጋሽ በኃይሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እኔ የኤልናታንን ድምፅ አልሰማሁም» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «እሷ ሰማች። ይሁን።» ከዚያ ወደ ታቢታ ጎንበስ አሉ። «የእኔ ቀን መቼ ነው የሚደርሰው?»

«የምን ቀን ጋሼ?»

«ደም የምሰጥበት ነዋ።»

«የካቲት» አለች በጭንቅ። ከዚያ ያቺ የማውቃት ጨቅጫቃ ጎረቤቴ ተመለሰች፤ እንባዋ እየወረደ ሳህኑን አየችና፣ «እንደዚህ ሳይበሉ ከከረሙማ ሲስተር ፀደይ ታባርርዎታለች» አለቻቸው።

ጋሽ በኃይሉ ሳህኑን አዩት። ቀዝቅዟል። ያቺ ወፍራም ሴትዮ ማንም ሳያዛት ተነስታ አነሳችውና ትኩስ ቀይራ አመጣች፤ እጃቸውንም አስታጠበቻቸው። ቀስ ብለው፣ እየቆረሱ፣ በሉ።