በሁለት ፊልም መሃል

ተኽኣ በአሥመራ ሆስፒታል ከራጅ ማሽን ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ እንደ ዘንድሮ ግን በንዴት ተቃጥሎ አያውቅም። ጣልያን ሠራሹ ማሽን የሰውን ደረት እንደ ዳቦ እየሸነሸነ፣ እያንዳንዱን ሽንሽን በአንድ ፊልም ያነሳል። ለአንድ ሳንባ ሰባት ፊልም ያስፈልጋል። የመጋዘኑ ሹም የሚሰጠው ሦስት ነው።

«የቀረው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጣ» ይለዋል። አውሮፕላኑማ በየቀኑ ይመጣል፤ ወታደር ጭኖ።

ጎዳይፍ ሰፈር ልብስ የምትሰፋው ሣህሊቱ ደም እየተፋች ስትመጣም ያው ሦስት ነበር። በየሁለት ሳንቲሜትሩ አነሳት። በመጀመሪያው ፊልም የባቄላ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ታየች፤ በሁለተኛው ሌላ፤ ሦስተኛው ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ከተገናኙ አንድ ትልቅ ዋሻ ነውና ሳንባው ይቆረጣል፤ ካልተገናኙ የጀመረችው መርፌና ኪኒን ይበቃል።

ተኽኣ እንደ ልማዱ አሮጌ ፊልሞችን በሙቅ ውሃ አጥቦ እንደ መስተዋት አጠራ። ያየውን በቀለም ገልብጦባቸው፣ የሳንባው ጥልቀት እንዲታይ በመካከላቸው የክብሪት ሳጥን እያስገባ ደረደራቸው። ላላየው መሃል አንድ ባዶ ፊልም ጨምሮ ግምቱን በነጠብጣብ አሰፈረ። እጁ ጎበዝ ነውና ነጠብጣቦቹ ሳያስበው ተያይዘው መስመር ሆኑ።

ሐኪሙ ሻምበል አሳምነው አይቶ አጨበጨበ። «ይኸው ዋሻው! ሰኞ እቆርጠዋለሁ።» ወዲያው ብቅ ብሎ ኮሪደር ላይ ለተቀመጠችው ሣህሊቱ ነግሯት ተመለሰ።

«ኣይፋል፣ አይሆንም ዶክተር። መሃሉን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ከላይ ቀዳዳ፣ ከታች ቀዳዳ፤ መሃሉ ድንጋይ ሊሆን ነው፣ አቶ ተኽኣ?»

«አንዱ ፌርማታ ላይ ውሃ አቁሮ አየሁ፤ ቀጣዩም ላይ አየሁ። መሃሉ ወንዝ ነው ልበል?»

«ሲስሉ መሐንዲስ፣ ሲጠየቁ ፈላስፋ!» ሐኪሙ ሳቀ። «ይልቅ ሥዕሉን ይስጡኝ።»

ተኽኣ አልሰጠውም። አልኮል የነካ ጥጥ አንስቶ የመሃሉን ፊልም ሙልጭ አድርጎ ጠረገው።

የሐኪሙ ሳቅ ጠፋ። «እንግዲያው ለሕመምተኛዋ ራስዎ ይንገሯት!» በሩን ወርውሮት ወጣ።

ተኽኣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «የሰኞው ቀርቷል፣ ጓለይ፣ ልጄ። ፊልም ሲመጣ ደግሜ አነሳሻለሁ።»

«መቼ ነው የሚመጣው፣ አቦይ ተኽኣ?»

ሳምንት ሊላት ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ዋጠው። «አላውቅም።»

«ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኝ ነበር። እርስዎን ምን አገባዎት?» ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያሳለች፣ ወደ መውጫው ሄደች።

«መርፌሽን እንዳታቋርጪ!» ብሎ ጮኸባት።

ዞር ብላ አላየችውም።