በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት የሰው ሥራ

ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በቅዳሴ ሰዓት ልቤ መባከኑን ሳይቀር ለእሳቸው ዘርዝሬ ስናዘዝ ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን «አባ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ? ምን ብዬ አስረዳቸዋለሁ?» እያልኩ እዘለው ነበር። ውሸቴን ነው። ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። አደራ በላሁ ብል መርሳ ገበያ ማሽላ የምትሸጥ ሴት እንኳን ይገባታል። የዘለልኩት አይገባቸውም ብዬ ሳይሆን ይገባቸዋል ብዬ ፈርቼ ነው።

አሁንስ ምን አናገረኝ? ረሂማ ናት። ረሂማ የጓደኛዬ የሰዓዳ ታናሽ እህት ናት፤ መርሳ ነው የምትኖረው። የፕሮግራሚንግ ውድድር ልትጀምር ነው። ውድድሩ እንዲህ ነው፦ ጥያቄ ይሰጣል፣ ተወዳዳሪዋ መፍትሔውን በኮድ ጽፋ ትልካለች፣ ማሽን «ልክ ነው» ወይም «ስህተት ነው» ብሎ ይፈርዳል። «እትዬ አስካለ፣ ለጀማሪ የሚሆን ምክር ጻፊልኝ» አለችኝ። እኔ ከአገሬ ርቄ ኪጋሊ እኖራለሁ፤ እንጀራዬም ከዚሁ ሙያ ነው። ምክር መጻፍ ምን ያቅተኛል? ጀመርኩላት።

ረሂማ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እጅሽን ኪቦርዱ ላይ አታሳርፊ አልኳት። ከሁሉ በፊት ገደቡን እዪ፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ቀላሉ ዘዴ ያደርስሻል፣ ትልቅ ከሆነ ግን ጊዜሽን ይጨርስብሻል። የተሰጠሽን ምሳሌ መጀመሪያ በእጅሽ፣ በወረቀት ሥሪው። የሚቀልሽን አስቀድሚ፤ ያልተፈታልሽን ሙጭጭ ብለሽ አትያዢ፣ ትተሽው ሄደሽ ተመለሽበት። ከመላክሽ በፊት በትንሹም በትልቁም ቁጥር ፈትኚው፤ ድምሩ ቁጥሩን ከሚይዘው ቦታ ከበለጠ ማሽኑ ሳያፍር ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ያወጣልሻል። የተሳሳተ በላክሽ ቁጥር ደግሞ ቅጣት አለው።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ይህን ሁሉ ማን አስተማረኝ? እህቷ። ሰዓዳ ናት ያስተማረችኝ። የእህቷን ትምህርት በእኔ ስም ልሸጥላት ነው እንዴ? ደግሞ ልሰርቃት?

ያን ጊዜ ሰዓዳና እኔ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ፣ መንገዱም እየተዘጋ፣ ሁለታችንም መርሳ፣ ቤታችን ገብተናል። ስልክ ይደውላል፣ ኢንተርኔት ግን በሞባይል አይሠራም። በዚህ መሐል ለጀማሪ ሴቶች የተዘጋጀ ውድድር መጣ፤ ያለፈች አዲስ አበባ ሄዳ ትሠለጥናለች፣ ከሥልጠናው በኋላ ሥራ አለ። ከእኛ ሰፈር ለወጣች ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ከዚህ ሌላ ያለው በር የሳዑዲ በር ነበር።

ውድድሩ ለብዙ ቀናት ክፍት ስለነበረ የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኛችን ችግራችንን ለአዘጋጆቹ አስረድቶ አንድ ዘዴ አስፈቀደልን። አንዷ ወልድያ ትሄዳለች፤ እዚያ የሽቦ ኢንተርኔት ያለው ሆቴል አለ። ጥያቄዎቹን በፍላሽ ታመጣለች፣ የመርሳ ልጆች በየቤታችን እንሠራለን፣ ያችው ልጅ የሁሉንም መፍትሔ ይዛ ተመልሳ በየስማችን ትልካለች።

ያቺ ልጅ እኔ ሆንኩ። የመረጠችኝም ሰዓዳ ናት። «መነኩሲቷ ትያዘው» አለች እየሳቀች። መነኩሲት ነበር የምትለኝ። «እሷን ኬላ ላይ ፈታሹ ራሱ ‹እህቴ በጸሎትሽ አስቢኝ› ብሎ ነው የሚያሳልፋት።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በውስጤም ኮራሁ፤ ይኸው እውነቱ። ጥንቁቅ ናት፣ ፈሪሀ እግዚአብሔር አላት ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፍላሹን በነጠላዬ ጫፍ አጥብቄ ቋጠርኩት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ ዘንድ የጠበቀው ቋጠሮው ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መንገድ ነበር። ከተሞች አሉ፣ ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ መንገዶች አሉ፤ መንገዶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። አንድ መንገድ በተዘጋ ቁጥር አገሩ ስንት ቦታ ተቆራርጦ እንደቀረ ማስላት ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰው እኛን አያውቀንም፤ እኛ ግን ጥያቄውን እናውቀው ነበር። እኔ እንደተሰጠኝ ሄድኩ፤ መንገድ ሲዘጋ ሁሉንም ከተማ እንደገና እቆጥራለሁ፣ ሌላው ሲዘጋ ደግሞ እንደገና። በትንሽ ቁጥር ልክ ነው። በትልቅ ቁጥር ሙከራዬ ሁሉ ጊዜ ጨርሶ ይቆማል። መፍታት አልቻልኩም። ሰንብቼም አልቻልኩም።

የላክሁ ዕለት ሁዳዴ ነበር፤ ረመዳንም በዚያው ገብቶ ነበር። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ውሃ እንኳን ሳላዝ ስቀመጥ አስተናጋጁ «እህቴ፣ ወይ እዘዢ ወይ ጸልዪልን» አለኝ። የሌሎቹን ልጆች ላክሁ። የእኔን ቀላል ቀላሎች ላክሁ። ከዚያ የሰዓዳን ከፈትሁ።

ልልከው እንጂ ላነበው አልተሰጠኝም። አነበብኩት።

ሰዓዳ ኮዷ አናት ላይ ማሽን የማያነበው አጭር ማስታወሻ ለራሷ የመጻፍ ልማድ ነበራት። እንዲህ ይላል፦ «መንገድ ሲዘጋ አትቁጠሪ። ሁሉም ከተዘጋበት ጀምሪና አንድ በአንድ ክፈቺው።»

ይኸው ነበር። ከኋላ ወደ ፊት። ሁሉም ከተቆራረጠበት ተነስቶ የመጨረሻውን መንገድ መክፈት፣ ከዚያ ከእሱ በፊት የተዘጋውን፤ ሲከፈት መገናኘት ብቻ ነው፣ እንደገና መቁጠር የለም። ያቺ ልጅ ከመርሳ ቤቷ፣ በባዶ አፏ ጾማ፣ እኔ ያልታየኝን አይታለች። ደስ አለኝ? አላለኝም። ቀናሁ።

ቀዳሁት። እኔ ቀዳሁት። እሷ «ከተማ» ያለችውን «ቦታ» አልኩት፣ «መንገድ» ያለችውን «መስመር» አልኩት። ማስታወሻዋን አጠፋሁ። በስሜ ላክሁት። ማሽኑ «ልክ ነው» አለ። ቀጥዬ የእሷን በስሟ ላክሁ። «ልክ ነው» አለ።

አሁን ራሴን ልጠይቅ፤ እናንተም ስሙ። የሚደርስባትን አላውቅም ነበር? አሠልጣኛችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስጠንቅቆናል፦ ማሽን ኮድን ከኮድ ያመሳክራል፣ ስም በመለወጥ አይታለልም፣ ሁለት ተመሳሳይ ሲያገኝ የሚጠረጥረው ኋላ የገባውን ነው። «አላሰብኩትም፣ ደንግጬ ነው፣ ጾም አድክሞኝ ነው» ብዬ ለዓመታት ራሴን አጽናንቻለሁ። ካላሰብኩትስ የእሷን ለምን አላስቀደምኩም? እስቲ ለምን? መልሱ አንድ ነው፣ እሱንም ታውቁታላችሁ።

መርሳ ስመለስ ሰዓዳ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«አልሐምዱሊላህ። ጀዛሽን አላህ ይክፈልሽ።»

አሜን አልኩ። አሜን ብዬ ዋጋዬን ተቀበልኩ።

ጥቂት ቆይቶ አሠልጣኛችን ደወለ፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሁኑ አለን። እነ ሰዓዳ ቤት ተቀምጠን ስልኩን መሐላችን አስቀመጥነው፣ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትነው። ሁለት መፍትሔ አንድ ሆኖ ተገኝቷል አለ። ቀድሞ የገባው የአስካለ ነው አለ። «እስቲ አስካለ፣ እንዴት እንዳሰብሽው አስረጂኝ።»

እውነቱን ለመናገር በር ተከፈተልኝ፤ ከዚያ የሰፋ በር ከየት ይመጣል? እኔ ግን አፌን ከፍቼ «መንገድ ሲዘጋ አልቆጥርም፤ ሁሉም ከተዘጋበት እጀምርና አንድ በአንድ እከፍተዋለሁ» አልኩ። ማስታወሻዋን ከኮዱ አጥፍቼዋለሁ፤ ከአፌ ግን አልጠፋም ነበር። ቃል በቃል የእሷ።

ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ። ያቺን ዐይን አልረሳም። አልተቆጣችም። አንድ ነገር ገባት።

«ሰዓዳ፣ አንቺስ?» አለ አሠልጣኙ።

«እሷ ያለችው ነው» አለች። «ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

እሱ ይህን እንደ ማመን ቆጠረው። ስልኩን ዘጋ። እኔ የሆነ ነገር ማጉረምረም ስጀምር እጇን አነሳች። «ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። «አንቺም ጾመኛ ነሽ። ሂጂ ቤትሽ።» ጾመኛን ክፉ ሲናገሩት፣ ክፉ ሲያደርጉበት፣ ጾመኛ ነኝ ብሎ ማለፍ በእነሱ ዘንድ ያለ ነው። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። የእኔ ጾም ምን ከለከለኝ? ሥጋና ወተት።

ስሟ ከውድድሩ ተሰረዘ። እኔ አለፍኩ። ወሬው መርሳ ገባ፤ የሰፈር ጎረምሶች በመንገድ ስታልፍ «ሰዓዳ፣ ፎቶ ኮፒ ስንት ነው?» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን አብሬያት እየሄድኩ አሏት። እሷ ሂጃቧን አስተካክላ አለፈች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ለምን አልተናገረችም? ለምን አልተሟገተችም? እያልኩ ስንት ጊዜ እሷን ከሰስኳት! ሰርቄያት ሳበቃ ደግሞ ስለ ዝምታዋ ከሰስኳት።

ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ፍልሰታ ነበር። እናቷ እማማ ፋጡማ በሶ ቋጥረው መጡ። «ዕቃው ቅቤ ያልነካው ነው፤ ጾምሽን እንዳታፈርሺ ብዬ ነው» አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። «የእኔዋ አልሆነላትም። አንቺስ አደራ የምታውቂ ልጅ ነሽ፣ ከደረስሽበት እንዳትረሺያት።» ሰዓዳ ከጓዳ አልወጣችም። «እማማ፣ እርስዎ አያውቁም» ማለት አቃተኝ። በሶውን ይዤ ሄድኩ። በላሁትም።

ዓመት ሳይሞላ ሰዓዳ ሳዑዲ ገባች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮድ ጽፋ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። ለረመዳን እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ፣ ለፋሲካ ትመልስልኛለች። ይኸው ነው ጓደኝነታችን። ዘንድሮ ግን ከሰላምታው ሌላ በድምፅ አንድ ነገር ጨመረች፦ «ረሂማ ምክር ትጠይቅሻለች። አንቺው ጻፊላት። እኔ ብነግራት ከየት የቀዳችው ነው ይላሉ።»

ስድብ አልነበረውም ድምፁ። ድካም ብቻ ነበረው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአሠልጣኙና ለአዘጋጆቹ ያደረግሁትን ሁሉ ጻፍኩ። አሠልጣኙ «ለምን እስከ ዛሬ?» ብሎ ብቻ መለሰልኝ። ልክ ጠይቋል። የቆየሁት ማለፌን ወድጄ ነው፣ ቀጥሎም ስለለመድኩት ነው። ለንስሐ አባቴም ደውዬ ነገርኳቸው። ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት «ልጅቱ ታውቃለች?» አሉ። ታውቃለች አልኩ። «እናቷስ?» አሉ። አያውቁም አልኩ።

ይህንን ከማውጣቴ በፊትም ሰዓዳን ጠየቅሁ፤ ታሪኩ የእሷ ነውና ሁለተኛ ሳላስፈቅድ እንዳልወስድ። ስምሽን መደበቅ እችላለሁ አልኳት። መልሷ ከቀናት በኋላ በድምፅ መጣ፤ ከኋላ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ድምፅ ይሰማል። «መነኩሲት» አለች፤ ከስንት ዘመን በኋላ። «እማዬ ፊት ረሂማ ታንብበው። ስሜን ግን እንዳትደብቂው። በደንብ ጻፊው።»

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ይቅርታም ቢሆን ከእሷ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፤ የወሰድኩት ይበቃል። እናንተም አታጽናኑኝ። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፤ ልጅ አልነበርኩም።

ረሂማ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ እማማ ፋጡማ ይስሙ። የመንገዶቹ ጥያቄ መፍትሔ የእህትሽ ነው። ከላይ የጻፍኩልሽ ምክርም ሁሉ የእሷ ነው። ሁሉም ከተዘጋበት ጀምሪና አንድ በአንድ ክፈቺው ያለችው ሰዓዳ ይመር ናት። ቀድማ የሠራችው ሰዓዳ ይመር ናት። የሰረቅኳት እኔ፣ አስካለ ነኝ።