«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

አያቴ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ በፖሊስነት ጨርሰው፣ መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብተው ትውልድ ቀያቸው አምበር የገቡት ካፖርታቸውን ብቻ ለብሰው ነው። ካፖርቱ አለቀ። የፖሊስ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ። የሰው ስም አንስቶ ለሚከስ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

አንድ ክረምት በሬያችን ጠፋ። አባቴ ጎረቤታችንን ጠርጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ሊወጣ ሲል አያቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«አገር ያወራዋል እኮ!»

«አገር ከብት አይጠብቅም። ተቀመጥ!»

አያቴ ራሳቸው ዝናብ እየመታቸው ሁለት ቀን ሙሉ ፈለጉ። በሦስተኛው ቀን በሬውን እየነዱ መጡ፤ ለካ ገመዱን በጥሶ ወንዝ ዳር ሲግጥ ነበር።

በአያቴ አርባ ዕለት እኚያው ጎረቤታችን ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ የተዝካሩን ጠላ እየጠጡ፣ «ከፖሊስነት የተባረሩት እኮ ጉቦ በልተው ነው ይባላል» ሲሉ ሰማሁ። የምቀዳበትን ማንቆርቆሪያ አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?»

አክስቴ እጄን ይዛ፣ «በተዝካር ቀን እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ይባላል! ሙት ሲታማ በዝምታ ጠላ የምቀዳ ሰው አይደለሁም።

እኔም አያቴ አዲስ አበባ የሠሩትን አላየሁም፤ ስለዚያ አልምልም። ለእኚህ ሰው ሲሉ በገዛ ልጃቸው ዱላ ፊት ሲቆሙ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ያ በር ዛሬ ባዶ የመሰለው ሐሜተኛ ካለ ይምጣ፤ እኔ ቆሜበታለሁ።